መርዶው እስኪደርስ

በእኛ ሥራ የእኔ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ተመልካቹ ቪዲዮውን ከዘጋ በኋላ። የታዋቂ ሰዎችን ወሬ በሚያቀርብ የዩቲዩብ ቻናል ውስጥ ጥያቄ የማዘጋጀው፣ ዘፋኙን ደውዬ ከእንቅልፉ የምቀሰቅሰው፣ ተዋናይዋ ስታለቅስ ሶፍት የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሲቀረጽ የእንግዶቹም ስልክ የሚቀመጠው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ መሀል ላይ ጮኾ ድምፅ እንዳያበላሽ። ይህ ተራ ልማድ አንድ ቀን መንዝ ውስጥ መከራዬን አሳየኝ።

የመንዟ ከተማ ዘመሮ የሄድነው አንዲት ዝነኛ ዘፋኝ የተወለደችበትን ቀዬ እያሳየች ልጅነቷን እንድታወራልን ነበር። እሷ፣ ካሜራማኑና እኔ ነን። ያደርነው አጎቷ ቤት ነው፤ የአባቷ ታላቅ ወንድም። አባቷ አዲስ አበባ እሷ ዘንድ ይኖሩ ነበር። ትንሽ አሟቸው ሆስፒታል ቢተኙም «በእኔ የተነሳ ሥራሽን አትፍቺ» ብለው የላኳት ራሳቸው ናቸው።

ጠዋት እሷ ፊቷን ስትቀባባ አጎቷ ከቤቱ ጀርባ ጠሩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የመርሐቤቴ ነኝ አባባ። ዓለም ከተማ ነው ያደግኩት።»

«እንግዲያስ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አትስቺውም። ወንድሜ ሌሊቱን ዐርፏል። አስከሬኑ ነገ ወደዚሁ ይመጣል፤ አፈሩ እዚህ ነው። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ የንስሐ አባቷም ከገጠር እስኪመጡ፣ ይህቺን ልጅ ከስልክ አርቂልኝ። የሚይዛት በሌለበት፣ ሜዳ ላይ እንዳትሰማው።»

ይህን ብለውኝ ገቡና «ብሉ እንጂ! የከተማ ሰው ሆዱ ጠባብ ነው» እያሉ ያጎርሱን ጀመር። የሞተባቸው የገዛ ወንድማቸው ነው። እንባቸውን የት እንዳስቀመጡት እንጃ።

የዚያን ቀን ቀረጻ የታሰበው ገበያ ውስጥ ነበር። ገበያ ማለት ደግሞ በየእጁ ስልክ፣ በየአፉ ወሬ ማለት ነው። ስለዚህ ደጋው ላይ ወዳለው ሣር ሜዳ፣ ጓሳ እንሂድ አልኩ፤ እዚያ ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ለካሜራማኑ ብቻ እውነቱን ሹክ አልኩት። ልንነሳ ስንል አለቃዬ ደወለ።

«ሰማሽ? አባትየው ሞተዋል። ከሆስፒታል ነው የሰማነው። ካሜራ ፊት ስለ አባቷ ጠይቂያት፤ ጥሩ ጥሩውን ካወራች በኋላ እዚያው ንገሪያት።»

ደሜ ፈላ። ከእሱ ጋር ዓመታት ሠርቼ ቢሆንም ይህን ከሰው አፍ እሰማለሁ አላልኩም።

«እሷ መርዶዋን ሳትሰማ አንዲት ቃል ብታወጡ፣ ከዚህ ቀረጻ አንዲት ሰከንድ አታገኙም» አልኩት።

«እሺ፣ እስከ ማታ። ሌሎቹ ቻናሎች ከቀደሙን ግን አንቺን አያርገኝ» ብሎ ዘጋው።

ጓሳ ጠርዝ ድረስ በመኪና ሄደን ፈረስ ተከራየን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። እኔ ፈረስ እፈራለሁ፤ ፈረሱም ይህን ወዲያው ዐወቀብኝና ቆሞ ሣር ይግጥ ገባ። «ልጓሙን ያዢ እንጂ! ሣሩ ጥብቅ ነው፣ ማስጋጥ ክልክል ነው፣ ታስቀጪናለሽ!» እያለች ዘፋኟ ትስቅብኛለች። ስልኳ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ጎኔን ይነዝረኛል። ይተዋል፣ ደግሞ ይነዝረኛል። ላጥፋው ብል ቦርሳውን ስከፍት ታየኛለች ብዬ ፈራሁ። በሩቅ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር «አድናቂ ይሆን? እግዜር ያጽናሽ ይላት ይሆን?» እያልኩ ፈረሴን መሀል አስገባለሁ። ያን ቀን ከእሷ ሌላ ለሁሉም ሰው ክፉ ነበርኩ።

ጨላዳ ዝንጀሮዎቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ስታይ ከፈረሷ ዘላ ወረደች። እነሱ እንደተቀመጡት ተቀምጣ፣ እንደ እነሱ ሣር እየነጨች ፍርስ አለች።

«አባዬ ይህን ቢያይ! ልጅ ሆኜ ጨላዳዬ እያለ ነበር የሚጠራኝ። ስልኬን ስጪኝ፣ በቪዲዮ ላሳየው።»

እጇን ዘረጋች።

«ኔትወርክ የለም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ቦርሳዬ ነዘረ።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የእኔ ነው። አላርም ነው።» ካሜራማኑ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን ቀጠልኩ፤ የወሬ ሠራተኛ ውሸት አያጣም። «ይልቅ ለካሜራው ንገሪው። ማታ እንልክላቸዋለን።»

አመነችኝ። እሱ ነው ያንገበገበኝ። ጨላዳዎቹን እያሳየች «አባዬ፣ እየው! ከዘመዶችህ ጋር ነኝ» አለች። «ቶሎ ድነህ ና! አንተ የሌለህበት መንዝ ብርድ ብቻ ነው!» አለችና ከነቦቲዋ እስክስታ ወረደች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ካልሳቅኩ ትነቃብኛለች። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይባል የለ፤ ማሽላዋ እኔ ነበርኩ።

ወደ ማምሻው ዘመሮ ስንደርስ የአጎቷ ግቢ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንድም ድምፅ የለም። ከመኪናው ወረደችና ወደ እኔ ዞረች።

«ማነው? ማነው የሞተው?»

መሬት መሬት አየሁ። አጎቷ የንስሐ አባቷን አስከትለው መጡ።

«ልጄ፣ ጠንክሪ። አባትሽ ዐርፏል። እኔም ወንድም የለኝም።»

ሴቶቹ ወገቧን ይዘው ባይደግፏት መሬት ላይ በወደቀች። ደረቷን እየደቃች የምትጮኸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወይኔ አባቴ! አንተ ሞተህ እኔ ስስቅ ዋልኩ! ስጨፍር ዋልኩ!»

ካሜራማኑ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያለቅሳል። ካሜራውን መኪናው ውስጥ ትቶት ነው የወረደው።

አለቃዬ ደወለ። ወሬውን ለቀውታል። «ምን ምን ቀረጻችሁ?» ሲለኝ ድካሙም ሐዘኑም አደንዝዞኝ ለአባቷ የተናገረችውንና የጨፈረችውን ነገርኩት። በደስታ ጮኸ። «አሁኑኑ ላኪው! ርዕሱ ይኸው፣ አባቷ በሞተበት ቀን ስትጨፍር ዋለች!»

«ሳታውቅ እኮ ነው!»

«እሱን ውስጡ እንጽፈዋለን።»

ውስጡን ማን ያነባል? ተመልካቾቻችንን አውቃቸዋለሁ፤ ርዕሱን አይተው ይሰድባሉ፣ ተሳድበው ያልፋሉ። እሷ ግን ያን ሳቋን እስከ ዕለተ ሞቷ ከየሰው ስልክ ትሰማዋለች። ያሳቅኳት እኔ፣ ተናገሪ ያልኳት እኔ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እንጀራዬም አብሮ እንደተዘጋ ገብቶኛል።

መኪናው ውስጥ ካለው ካሜራ ቀረጻው ያለበትን ካርድ አወጣሁ። ካሜራማኑ አየኝ። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ።

አጎቷ ከወንዶቹ መሀል ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በርከክ አልኩ።

«አባባ፣ ይህን እርስዎ ያስቀምጡልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ዛሬ ጓሳ ላይ ለአባቷ የተናገረችው ነው። ቶሎ ድነህ ና ትላቸዋለች። እየሳቀች ነው።»

ጥፍር የምታክለውን ካርድ መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩዋት። ከጠዋት ጀምሮ አምቀው የዋሉት እንባ ያኔ ወረደ።

«አሁን ብታየው ትሞትብናለች» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሯት። «አርባው ሲወጣ መጥተሽ ለሁለታችንም ታሳዪናለሽ። ወንድሜን በሕይወት እንዳለ አድርጎ የሚጠራው ድምፅ ከእንግዲህ ሌላ የት ይገኛል?»