ጋሼ ምድጃና ሰማያዊው ነበልባል

በቤተ ሙከራ ከመቀጠራቸው በፊት ሃያ ሁለት ዓመት የጋዝ ምድጃ ጠግነዋል። ስለዚህ ሁሉም «ጋሼ ምድጃ» ይሏቸዋል። እሳቸውም አይከፋቸውም።

ሥራቸው ለአንዲት ተመራማሪ ነበልባል ማዘጋጀት ነው። በባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ይመላለሳሉ። ተመራማሪዋ ፈሳሹን ትታ በቦታው እሳት አስገባች፤ በጣም የጋለ ነበልባልም እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች አሉት፣ ፕላዝማ ይባላል። ሁለት ነበልባሎች ጎን ለጎን ተነካክተው ይነድዳሉ፤ በእያንዳንዳቸው አንድ ሽቦ ይገባል። በአንደኛው የመዳብ ጨው ጉም ይነፋል፣ ሌላው ንጹሕ መሆን አለበት። በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ሦስት ወር መዘገበች። ቁጥሩ ግን ማክሰኞ ይወጣል፣ ረቡዕ ይወርዳል። በወሩ መጨረሻ ካልረጋ ጥናቱ ይቋረጣል።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የማነው?» አለቻቸው።

«መሣሪያው አዲስ ነው፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ» ብለው አሳቋት።

ምድጃ ጠጋኝ የጠገነውን ዕቃ በአውራ ጣቱ ካላበሰ ሥራው ያለቀ አይመስለውም። ጋሼም ሽቦዎቹን በየጠዋቱ እንዲሁ ያብሱ ነበር። አንድ ቀን እሷ ስብሰባ ሄዳ ሳለች፣ ያበሱት ሽቦ ንጹሑን ነበልባል ለአፍታ ቢጫ ሲያደርገው ልብ አሉ። ያልተነካ ሽቦ በወረንጦ ይዘው አስገቡ፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ያንኑ ሽቦ አበሱት፤ ቢጫ። ላብ ጨው ነው፤ መጠኑ በየቀኑ ይለያያል፣ ቁጥሩም አብሮት ይወጣል ይወርዳል። በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው ነገሯት።

«ከነገ ጀምሮ ሽቦውን በወረንጦ ብይዝ ማንም አያውቅም።»

«የሦስት ወሩስ?»

«ደብተሯ ላይ እንዳለ ይቀራል።»

«ታዲያ ንገራት እንጂ፣ ሰውዬ። ሠላሳ ዓመት እኔን የቻልክ፣ አንዲት ልጅ ትፈራለህ?»

በማግስቱ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አሳዩዋት፤ መጀመሪያ በወረንጦ፣ ቀጥሎ በጣት። ቢጫው እስኪጠፋ ድረስ ተመለከተች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ደብተሩን ገልጣ በየገጹ ላይ ሰያፍ መስመር አሰመረች። ሠላሳ አንድ ገጽ ነበር። ከዚያ በአዲስ ገጽ ላይ ቀኑን ጻፈች።

«ጊዜ እንዲጨምሩልኝ እጠይቃለሁ» አለች። «ሽቦውን በወረንጦ ያስገቡልኝ።»

እሳቸው በወረንጦ አስገቡ፣ እሷም እስከ ምሳ ቁጥሩን መዘገበች። ነበልባሉ ሰማያዊ ነበር፤ ቁጥሩም ከቦታው አልተነቃነቀም።