ወንድም ጥላሁን ያልተጠመቀበት እሁድ

ልጆቼን ሄይዋርድ ወዳለው መዋኛ በወሰድኩ ቁጥር የክሎሪኑ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበለኛል። እነሱ ጫማቸውን አውልቀው ይሮጣሉ፤ እኔ ፎጣቸውን እንደያዝኩ አንድ አፍታ ቆም እላለሁ። ያ ሽታ ለእኔ የጥምቀት ሽታ ነው። አባቴ በጉባኤ መሃል ብድግ ያለበት የዚያ እሁድ ሽታ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር፤ አስር ዓመቴ ነው። የምንኖረው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሳንሆዜ ስለሆነ እሁድ ማለት ለእኔ መንገድ ማለት ነበር። አዳራሹን የተከራየነው ከአሜሪካኖች ነው። እነሱ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት እንገባለን። ምንጣፉ ላይ የእነሱ ሽቶ፣ ወንበሩ ላይ የእነሱ ልጆች የረሱት ክራዮን ይጠብቀናል። ትልልቆቹ ሲጸልዩ እኛ ፓርኪንጉ ውስጥ አባሮሽ እንጫወታለን፤ የእሁድ ጫማዬ አፍንጫው ተልጦ የማያውቅበት ሳምንት አልነበረም። ጥምቀት ባለበት እሁድ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ወለል ይነሳና ገንዳው ይሞላል። ያኔ አዳራሹ ሁሉ ክሎሪን ክሎሪን ይላል።

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን፣ በክርስቶስ ያመነ ሰው አዲስ ይሆናል፣ አሮጌው ሁሉ ይቀራል ብላ አስተምራናለች። እኔም የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። ቲቸሬ ከትምህርት በኋላ ሰሌዳውን በእርጥብ ስፖንጅ ስትጠርገው አየዋለሁ፤ ትናንት የተጻፈው አንድም አይታይም። ሰውም ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እንደዚያ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

በዚያ እሁድ የሚጠመቀው ወንድም ጥላሁን ነበር። በዲቪ የመጣ፣ ፀጉሩ ገባ ገባ ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ስብሰባ ሲያልቅ ትልልቆቹ ሻይ ሲጠጡ እሱ ከእኛ ከልጆቹ ጋር ወንበር ያጥፍ ነበር፤ ለዚያ እንወደዋለን። ከጥምቀት በፊት ምስክርነት መስጠት ልማድ ስለሆነ ነጩን ልብስ እንደለበሰ ማይኩን ያዘ።

“ወገኖቼ፣” አለ፣ “እኔን ጌታ ከየት እንዳነሳኝ ብትሰሙ ጥሩ ነው። በዚያ በክፉ ዘመን የቀበሌ እስር ቤት ጠባቂ ነበርኩ። አዲስ አበባ፣ ወንዝ ዳር፣ ቀድሞ የአቶ ገብሬ ወፍጮ ቤት ይባል በነበረው ግቢ። እዚያ ያደረግኩትን ጌታ ያውቃል። ይቅር ብሎኛል።”

ጉባኤው “አሜን” አለ። አባዬ አላለም። እጄን ይዞ ነበር፤ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቃቸው፣ ከዚያ ለቀቃቸውና ብድግ አለ።

“በር ላይ ምግብ የምትቀበለው አንተ ነበርክ?” አለ።

እስከዚያ ቀን አባዬ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው “አንተ” ሲል ሰምቼ አላውቅም። ወንድም ጥላሁን ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ተመለከተው። ከዚያ ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት።

“ሰሃን በጨርቅ ቋጥሮ የሚመጣው ልጅ፣” አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። “አዎ። እኔ ነበርኩ።”

የአጎቴን የሰለሞንን ነገር በጭላንጭል አውቀው ነበር። የአባዬ ታላቅ ወንድም ነው፤ ተማሪ ሳለ አሰሩት። አባዬ ገና ልጅ ስለነበርና ስለማይጠረጥሩት ምግቡን የሚያመላልሰው እሱ ነበር። አንድ ቀን ጠባቂው ሰሃኑን ሳይቀበለው “ከእንግዲህ አታምጣ” አለው። ሌላ ቃል የለም። ሞቷል የሚል አለ፣ ወደ ሱዳን አምልጧል የሚል አለ። አዲስ አበባ ያለችው አያቴ አልለቀሰችም፤ ሬሳ ሳላይ ልጄን አልቀብርም ብላ ስትጠብቀው ኖራለች።

ፓስተራችን ወደ አባዬ ፈጠን ብሎ መጣ። “ወንድም መኮንን፣ ወንድማችንን እኮ ጌታ ይቅር ብሎታል።”

“ጌታ ይቅር ማለቱን አልከለከልኩም፣” አለ አባዬ። “እኔ የምጠይቀው ወንድሜ የት እንዳለ ነው።” ከዚያም በመሃል መተላለፊያው ወጣ። እማዬ ነጠላዋን እየሰበሰበች ተከተለችው። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሆነውን አየሁ።

ፓስተሩ የወንድም ጥላሁንን ክንድ ይዞ ወደ ገንዳው መራው። እሱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ፓስተር፣ ዛሬ አልጠመቅም።”

“ወንድሜ፣ ጥምቀት እኮ ንጹህ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ሽልማት አይደለም።”

“አውቃለሁ። ግን እኚያ ሰው ውጭ ቆመው፣ እኔ ከዚህ ወጥቼ አዲስ ሰው ሆንኩ ልበላቸው?” አለና ነጩን ልብስ ማውለቅ ጀመረ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን የሚነዳው አባዬ ነበር። አባዬ የፍሩትቬልን መውጫ አልፎ፣ እሱ የሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ እስካለበት እስከ ዳውንታውን ኦክላንድ ሄደ። እማዬ “መኮንን፣ አለፍነው እኮ” ብትለውም የሰማት አይመስልም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ማዕድ ላይ አልጸለየም። አንድ ምሽት እማዬ “ይቅር በለው በቃ” ስትለው በግድግዳው በኩል ሰማሁ። አባዬም “ምኑን ነው ይቅር የምለው? ምን እንዳደረገ እንኳ ሳላውቅ?” አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ፒጃማዬን እንደለበስኩ ካርቱን እያየሁ ነበር። እማዬ ከፓስተሩ ጋር በስልክ አውርታ እንደዘጋች ከኩሽናው መሳቢያ ቢላዎቹን ሁሉ አውጥታ የሚታጠብ ልብስ ሥር ስትደብቃቸው አየሁ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

ወንድም ጥላሁን ነበር። ከሳንሆዜ ፍሪሞንት በአውቶቡስ፣ ከፍሪሞንት ፍሩትቬል ባርት በሚባለው ባቡር ተሳፍሮ፣ ከጣቢያው በእግሩ መጥቷል። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

“ልገባ አልመጣሁም፣” አለ ደፉ ላይ ቆሞ። “የጠየቁኝን ልነግርዎ ነው። ከዚያ ፖሊስም ቢጠሩ፣ ቢመቱኝም እዚሁ እቆማለሁ።”

አባዬ ከበሩ ፈቀቅ አለ። “ግባ” አለው። ቲቪውን አጠፋው። እማዬ ወደ መኝታ ቤት ልትወስደኝ ስትል፣ “ተያት። ስለ አጎቷ ነው፣ ትስማ” አላት።

ወንድም ጥላሁን ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጦ ነገረው። ሰለሞንን ሌሎች ገርፈውት ትኩሳት ያዘው። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ለመነ። ወንድም ጥላሁን ግን እንዳይሰጠው ታዝዞ ነበር። “ባልዲው አጠገቤ ነበር፣” አለ። “ማንም አያየኝም ነበር። መስጠት እችል ነበር። አልሰጠሁትም።” ሲነጋ የሰለሞን ሕይወት አልፎ ነበር። ከሌሎች የሞቱ እስረኞች ጋር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው በኩል፣ ባህር ዛፎቹ ሥር ቀበሯቸው። “ያን ቀን ሰሃን ይዘው ሲመጡ ዓይንዎን ማየት አቃተኝ። ለዚያ ነው አታምጣ ያልኩዎት።”

አባዬ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ሰማው። ጡጫው ይጨበጣል፣ ይፈታል። ከዚያ ተነስቶ ስልኩን አነሳ።

“ለእኔ ነገርከኝ። አሁን ለእናቴ ትነግራታለህ።”

“በሕይወት አሉ?” ወንድም ጥላሁን ከበፊቱ ይልቅ ደነገጠ።

“አለች። በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው ብላ የምትነሳ ሴት ናት።”

ስፒከሩን ተጫነው። አዲስ አበባ ምሽት ነበር፤ አያቴ ራሷ አነሳች። “መኮንን? ምነው በደህና?” አባዬ “አንድ ሰው ያናግርሻል፣ እማዬ። ሳታቋርጪ ስሚው” ብሎ ቁልቁል አቀረቀረ።

ወንድም ጥላሁን እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራት። የውሃውን ነገር እንኳ አልደበቀም።

“መጨረሻ ላይ ማንን ጠራ?” አለች አያቴ።

“እርስዎን። እማዬ ነበር የሚለው።”

ከዚያ አሮጊቷ ድምጿ እንደ ድንጋይ ረግቶ፣ “እንግዲህ ሰው ልጥራና ለቅሶ ልቀመጥ” አለች። “አንተ ሰውዬ፣ ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥህ። ይቅርታውን ግን ዛሬ አትጠይቀኝ። ዛሬ ለልጄ ላልቅስ።” ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት የመጀመሪያውን ጩኸቷን ሰማነው። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። አባቴ ሲያለቅስ ማየቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

ወንድም ጥላሁን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ነበር። እማዬ ምን እንደምታደርግ ግራ ሲገባት፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። አየው፤ እጁን ግን አልዘረጋም። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ብርጭቆውን ማየት ጀመርን። አባዬ ፊቱን ጠርጎ ዞረ። መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ብርጭቆውን አንስቶ ሰጠው።

“ጠጣ” አለው።

ወንድም ጥላሁን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ።

በሌላ እሁድ ተጠመቀ። አባዬ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አላጨበጨበም፣ አልዘመረም፤ እስከመጨረሻው ግን ቆየ። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆኑ ብል እዋሻለሁ። ለዓመታት ሰላምታቸው አጭር ነበር። አንዳንድ እሁድ አባዬ ሲያየው ፊቱ ይጠቁራል፤ አንዳንድ እሁድ ደግሞ ዝናብ ከሆነ “ና ግባ” ብሎ ባስ ጣቢያ ያደርሰዋል። ካደግኩ በኋላ ይቅር ብሎት እንደሆነ ጠይቄው ነበር። “ብዙ ጊዜ፣” አለኝ፤ “በማግስቱ ይመለስብኛል፤ እንደገና ጌታን እርዳኝ እላለሁ።” አያቴም ከለቅሶው በኋላ ቆይታ፣ ልትሞት ሰሞን፣ “ያን ሰውዬ ሰላም በሉልኝ” ብላ ነበር።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን የራሱ ሕንፃ አለው፤ ገንዳውም የሚሞቅ ነው። የሚጠመቁት ልጆቻችን ምስክርነታቸውን በእንግሊዝኛ ያነባሉ፤ እኛም እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ኬክ እንቆርሳለን። ደስ ይላል፤ ልጆቻችን ያን ጊዜ የነበረውን ፍርሃት ባለማወቃቸው ጌታን አመሰግናለሁ። በልጅነቴ ሰው አዲስ የሚሆነው ከውሃ ሲወጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን፣ አባዬ በዚያ ቅዳሜ ከነበረበት ዕድሜ ሳልፍ፣ ወንድም ጥላሁንን አዲስ ሰው ሆኖ መጀመሪያ ያየሁት ገና ሳይጠመቅ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ በራችን ላይ ቆሞ ሳለ እንደነበር ይገባኛል።