የመርከብ ሆድ ቀለም ዶሮ ማነቂያ ላይ

የሰርጉ ዕለት ጠዋት የግቢውን በር በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። ጨርቁ ቀይ ሆኖ ሲወጣ «አይ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር አቧራ!» ብዬ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ እንደገና ወለወልኩ። በሩን ከጥቂት ቀን በፊት ቀይ ቀለም የቀባሁት እኔው ራሴ ነኝ። የዚያን ጊዜው ጭንቅላቴ ምን ያህል ይሠራ እንደነበር ከዚሁ ገምቱ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ፒያሳ አንድ ቀለም መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር፤ እሠራ ነበር ስል ባዶ መደርደሪያ እጠብቅ ነበር ማለቴ ነው። ቀለም የሚባል ነገር ጠፍቷል። ታዲያ ባላቸው የሞቱባቸው አከራዬ እትዬ አንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የሙሽራው ቤተሰቦች የሥላሴ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ነቀፋ ከአፋቸው አይጠፋም። እትዬ የዛገውን የቆርቆሮ በር እያዩ እንቅልፍ አጡ።

«አንተ የቀለም ሰው አይደለህ እንዴ? ልታሰድበኝ ነው?» አሉኝ።

«ለእኔ ይተዉት፣ እትዬ!» በሕይወቴ ለእኔ ይተዉት ያልኩት ነገር መጨረሻው አምሮ አያውቅም።

ከምጽዋ ዕቃ የሚያመላልስ ሹፌር ደንበኛችን ግማሽ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ሰጠኝ። «የመርከብ ሆድ የሚቀባበት ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚውለው» አለኝ። ሌላም ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት እኔ ቆርቆሮዬን ታቅፌ ሄጃለሁ። ቀይ ባሕርን የቻለ ቀለም የእትዬን በር መቶ ዓመት ሊያኖር አይደል? ለግቢው ሁሉ ይህንኑ ሰበክሁ። ቀለሙ ግን ለበሩ የውጭ ገጽ ብቻ በቃኝ።

እኩለ ቀን ላይ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በነጭ ሙሉ ልብስ ደረሰ። እኛ የሙሽሪት ወገኖች እንደ ወጉ በሩን ከውስጥ ይዘን አናስገባም አልን። እነሱም ሙሽራውን ከፊት አድርገው እየጨፈሩ ከኋላው ወደ በሩ ገፉት። ትንሽ ይዞ መልቀቅ ነበር ወጉ፤ እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፣ «ያዙ! ያዙ!» እላለሁ። በሩ ሲከፈት ሙሽራው ከትከሻው እስከ ክርኑ ቀልቶ ገባ።

«ውይ! ደም ነው?» አሉ እትዬ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ።

«የመርከቡ ቀለም ነው፣ እትዬ።»

«አክስቱ ካየች ደም ነው የምትለው! ልጄን ዕድሜ ልኳን ገደ ቢስ ስትላት ልትኖር ነው!»

አንዱ ጎረቤት «አብዮቱ ሙሽራውንም አቀላ...» ብሎ ሳይጨርስ ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። የቀበሌው ሊቀመንበር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል።

አክስትየዋ ገና ከመኪና እየወረዱ ነበር። ዋናው ሚዜ፣ የያዘው አበባ እንዳይጨፈለቅ ብሎ ከኋላ የቀረ ረጅም ሰው፣ ነጭ ኮቱ እንዳማረበት ነው። አወለቀና ሙሽራውን አለበሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ የባሕር ኃይል! ያንተን ኮት ወዲህ በል።»

ቡናማ ኮቴን ሰጠሁት፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። እኔ በሸሚዝ ሮጬ፣ አክስትየዋ በሩን እንዳይነኩት ጀርባዬን ለጥፌበት ቆምኩ። ሸሚዜ ያኔ አለቀለት።

አክስትየዋ ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ነጭ ነው። ሚዜውን ሲያዩ ግን «ምስኪን፣ ልኩን የሚወስድለት ልብስ ሰፊ አጥቶ ነው?» አሉ። እትዬ ትንፋሻቸው ተመልሶ እልል አሉ።

በሳምንቱ ሹፌሩ ወሬውን ሲሰማ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «ያ ቀለም እኮ ውኃ ሲነካው በስሱ እየተላጠ የሚሄድ ነው! ውስጡ መዳብ አለበት፤ ለባሕር ፍጥረታት መርዝ ነው። አረምና ዛጎል መርከቡ ላይ ሊለጠፍ ሲል ቀለሙ ከራሱ ቆዳ ጋር ልጦ ይጥለዋል። አልቆ አልቆ ሲጠፋ እንደገና ይቀባል።»

«የእትዬ በርስ?»

«አትስጋ፤ ዛጎል አይወጣበትም!»

እውነቱን ነው፣ ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ አንድም አልወጣበትም።

ለሚዜው ግን ዕዳ አለብኝ። በሰርጉ ዕለት ከሰዓት ፒያሳ ፎቶ ቤት ስንነሣ በእኔው ኮት፣ እጆቹን ከጀርባው ደብቆ ቆመና «በነጭ ኮቴ አንድ ፎቶ ታስነሣኛለህ» አለኝ። እሺ አልኩ። ዛሬም ማኪያቶ ስንጠጣ «ፎቶዬስ?» ይለኛል። ባለፈው ነጩን ኮት በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ፤ ሲለካው አልቆለፍ አለው።

«ሆድህ እስኪጎድል እንጠብቅ» አልኩት።

«ከደረት በላይ ይበቃኛል፣ አንተ ብቻ ተነሥ!» አለኝ።

ማኪያቶዬን ልጨርስ ብዬ ተቀመጥኩ። እስካሁን አላስነሣሁትም።