ከጋዜጣው ጀርባ የነበረው ማሽላ

ልጅ ሳለሁ የቤታችን ግድግዳ ወሬ ያወራ ነበር። ቤታችን መተማ አጠገብ ካለችው ከኮኪት መንደር ወጣ ብላ የተቀለሰች የሣር ጎጆ ናት። የእናቴ አጎት አባባ ውበቱ ከጣሊያን በፊት መተማ ኬላ ዘበኛ ሆነው ሲኖሩ፣ ከነጋዴ ሣጥን የሚወጣውን የመጠቅለያ ጋዜጣ ሁሉ እያጣጠፉ ያስቀምጡ ነበር። ጣሊያን ከገባ በኋላም የሱ ሰዎች በአማርኛ የሚያሳትሙት ጋዜጣ ሳሙናና ስኳር ተጠቅልሎበት እኛ ዘንድ ይደርስ ነበር። እናቴ ማሽላው በተትረፈረፈልን አንድ ዓመት ዱቄቱን በውሃ አብስላ፣ እንደ ሙጫ አድርጋ፣ ያን ሁሉ ጋዜጣ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። አቧራ ይከለክላል ብላ ነው።

«አንች፣ ለምስጥ ድግስ ደገስሽ እኮ!» አሏት አባባ።

«ይብላ አያ፣ ዘንድሮ ለሱም ይተርፋል» አለች እናቴ እየሳቀች። ይችን ቃል እስክትሞት ድረስ ስትጸጸትባት ኖረች።

እናቴ ፊደል አትለይም ነበርና ግማሹን ጋዜጣ ገልብጣ ለጥፋዋለች። ያኔ መሸት ሲል፣ እሳቱ ወደ ፍም ሲያዘነብል፣ የሰሊጥ ዘይት የጨመርንባት የሸክላ መብራት ጭል ጭል እያለች፣ አባባ በከዘራቸው አንዱን ትልቅ ጽሕፈት ይነኩና አንገታቸውን እንደ ዶሮ አዙረው ያነቡልን ነበር። እኔም አጠገባቸው አንገቴን ስለማዞር ፊደልን መጀመሪያ የለየሁት ተገልብጦ ነው።

«በዓለም ሁሉ የገንዘብ ሕማም ጸና» ይላሉ። ቀጥለውም «ይኸው ገንዘብም እንደኛ ወባ ያዘው» ብለው፣ ገንዘብ የሚባል አንድ ሀብታም ሰው ብርድ ብርድ ብሎት፣ ሰባት ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ያወሩልናል። «ሥራ ያጡ ሰዎች በሰልፍ ቆመው ሾርባ ተቀበሉ» ሲሉ እናቴ ከወፍጮዋ ቀና ብላ «ሰልፉ የት ነው አያ? እኔም ልሂድ» ትላለች። ጣሊያን ካሳተመው ውስጥ «ከእንግዲህ በዚህ አገር ረሃብ የለም» የሚል ነበረ፤ እሱም ተገልብጦ ነው የተለጠፈው። አባባ ሲስቁ ሳል እስኪይዛቸው ነው፤ «ይኸስ ሲገለበጥ ነው እውነቱ! የእህቴ ልጅ ሳታውቀው አወቀችበት» ይላሉ።

ከሁሉ የምንወደው ግን የቡናውና የስንዴው ነበር። ባሕር ማዶ አንድ አገር ቡናው ስለ በዛ ዋጋው እንዳይወድቅ ባሕር ውስጥ ጣሉት፣ በሌላውም ስንዴ ስለ በዛ በእሳት አቃጠሉት ይላል። እኔና ታናሼ በላይ ይህን ከነብርና ከጦጣ ተረት ለይተን አናውቀውም። ሲጨርሱም እንደ ተረቱ ወግ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉና እናቴ ከማሽላው ዳቦ ቆርሳ አፋቸውን ታስነካቸዋለች።

አባቴ ሱዳን ገዳሪፍ ለቀን ሥራ ተሻግሮ ነበር፤ እህል ይዞ ሊመለስ። ጣሊያንና እንግሊዝ ሲጣሉ ድንበሩ ተዘጋ፣ እሱም በዚያው ቀረ። ያለፈው አዝመራ ጠፍቶብን ስለነበር ግንቦት ሳይወጣ ጎተራው ተጠረገ። ዝናቡም ዘገየ። በቤት ውስጥ የቀረው እህል ከምድጃው በላይ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ጢስ ላይ የተሰቀለው የዘር ማሽላ ብቻ ነው። ዛላው እንደተንጠለጠለ ከሥሩ እንተኛለን። ዘር አይበላም፤ ይህን የማያውቅ የቆላ ልጅ የለም።

አባባ «ዘንድሮስ ፍልሰታ በሰኔ ገባች» ይሉና ማንበባቸውን አልተዉም። አንድ ምሽት የቡናውን ሲጨርሱ በላይ፣ አራት ዓመቱ ነው፣ «አባባ፣ ባሕሩ እስከ ወንዛችን እስከ ጓንግ ይመጣል? ሄደን እንልቀመው» አላቸው።

«ጓንግ ይወስዳል እንጂ አያመጣም ልጄ» አሉት። ቀጥለው በልማድ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በ...» ሲሉ በላይ ዙሪያውን እያየ «ዳቦው የታለ?» አለ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ተረቱን ሳይዘጉ ይተኙ ጀመር።

አንድ ቀን ከጎተራው ኋላ ምስጥ ጋዜጣውን ከሥሩ ሲበላ አየሁ። ምስጥ የሚፈልገው ወረቀቱን አልመሰለኝም። በጥፍሬ ጫፉን ላጥ ሳደርገው ሙጫው ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል፤ ስቀምሰው አመድ አመድ፣ ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ከሥሩ ግን ማሽላ ነው። ፍቄ፣ በውሃ አርሼ ለበላይ አጎረስኩት። በየቀኑ እናቴ ሥራ ሥር ልትቆፍር ስትወጣ እፍቃለሁ። ወረቀቱንም እሳት ውስጥ እጥላለሁ።

አንድ ምሽት አባባ ከዘራቸውን አነሱና የስንዴውን ሊነኩ ሲሉ ጽሕፈቱ የለም፤ ባዶ ጭቃ ነው። ከዘራቸው አየር ላይ ቆመ። እኔን አዩኝ። ከዚያ ባዶው ጭቃ ላይ አስደግፈው «ስንዴ ስለ በዛ ተቃጠለ ይላል» ብለው ልክ እንደ ወትሮው አነበቡት።

እናቴ ግን መብራቷን አንስታ ተጠጋች። ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችው።

«ምስጥ ነው» አሉ አባባ።

«ምስጥ ጥፍር የለውም አያ» አለች። እጄን ይዛ ጥፍሬን በብርሃኑ አየችው። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና ብላ ጢሱ ውስጥ ያለውን ዛላ አየች።

«ያውርዱልኝ» አለች።

«ዘር እኮ ነው። ከበላነው ጥቅምት ምን ልናጭድ?»

«ልጄን ቀብሬ ጥቅምት ለምኔ ነው?»

አባባ ተነሥተው በከዘራቸው ቆልማማ ጫፍ ዛላውን አወረዱ፤ እኩሌታውን ለሷ ሰጥተው እኩሌታውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መልሰው ሰቀሉት። እናቴ ወፍጮው ላይ ተንበርክካ አማተበች፤ «ይቅር በለኝ» ስትል ሰማኋት፣ እግዚአብሔርን ይሁን ዘሩን አላወቅሁም።

በላይ ሦስት ቀን ሙቅ ጠጣ። ሁለተኛው ቀን ላይ ስቆ ነበር። በአራተኛው ቀን ወባ ጣለችው፣ ቀና የሚልበት ጉልበት አልነበረውምና ሳይነጋ ሄደ። እኔ የጭቃው ቅርፊት የገደለው መስሎኝ ስንት ዘመን ለማንም ሳልናገር ኖርኩ።

በቀበርነው ማግስት ዝናቡ ጣለ። እናቴና አባባ ያችን ቋጠሮ ፈትተው ዘሩ።

ጥቅምት ላይ ያ ማሽላ ደረሰ። የመጀመሪያው ዳቦ በተጋገረበት ምሽት አባባ ከዘራቸውን ሲያነሱ እናቴ እጃቸውን ያዘች፤ «ዛሬ ዳቦው ይቅደም፣ ተረቱ ይከተል» አለች። ለሦስታችን ቆረሰች፤ አንድ ቁራሽ ደግሞ በግድግዳው ሥር፣ በላይ ይቀመጥባት በነበረችው ቦታ አኖረች።

አባቴ የመጣው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ስንት መሆናችንን አየና ሳይጠይቅ ጆንያውን አወረደ።

እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ የማታ ትምህርት ስገባ መምህሩን አፍሬ ጠየቅኋቸው፤ የስንዴው ተረት የየት አገር ነው ብዬ። ተረት አይደለም፣ ያኔ እውነት አቃጥለዋል አሉኝ። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ በነጠላዬ ተሸፍኜ ሄድኩ። ማንን እንደምወቅስ አላውቅም፤ የሚያውቀው እላይ ያለው ነው።

ልጆቼን ያሳደግኋቸው በእናቴ ወግ ነው፤ በቤቴ ዳቦ ሳይቆረስ ተረት አይጀመርም። አንዲት ቁራሽ በግድግዳው ሥር ትቀራለች።

«እማዬ፣ ይቺ የማን ናት?» ይሉኛል።

«የምስጥ ናት» እላቸዋለሁ። እነሱም ይስቃሉ።