የታመመው ሥር ድርሻዬ

ጂማ ግብርና ስንማር፣ አማካሪያችን ለእኔና ለጓደኛዬ በአተር ሥር ላይ የሚኖሩ ፈንገሶችን አከፋፈሉን። እሷ ከጤነኛው ሥር፣ እኔ ከታመመው። ደስ አለኝ። ከጤነኛ ሥር ደግሞ ምን ይገኛል ብዬ።

ናሙና ለመውሰድ ከጂማ ወጣ ብላ ወዳለችው ደዶ ሄድን። ጓደኛዬ የጂማው ሄርማታ ገበያ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አፋን ኦሮሞ አፏን የፈታችበት ነው። እኔ ግን አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ያመጣኝ ነኝ፤ ቋንቋውን እየተደነቃቀፍኩ ነው የማወራው። የማሳው ባለቤት የሆኑት እናት "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ" እያሉ ለምለሙን አተር አብረዋት ሲነቅሉ፣ እኔ ውሃ በሚተኛበት ዳር ብቻዬን የወየበውን ስነቅል ዋልኩ። ሥሩ ጠቁሮ፣ ሲነኩት ልጡ እንደ ካልሲ ይወልቃል።

ቅናቱ እዚያ የጀመረኝ ይመስለኛል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ከእኔ ሥር የወጣው ሁሉም የሚያውቀው አበስባሽ ፈንገስ ሆነ። አማካሪያችን "ጥሩ ነው፣ እንደጠበቅነው" ብለው አለፉ። ከእሷ ሥር ግን አረንጓዴ ሻጋታ ወጣ። እሱ ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

"ይሄ በሽታውን የሚገታ ሊሆን ይችላል፤ ይሞከር" አሉ።

ጓደኛዬ ወደ እኔ መጣች። "ካንቺ ፈንገስ ትሰጪኛለሽ? በሽታው ከሌለ የኔ መከላከሉ በምን ይታወቃል?"

ሰጠኋት። በልቤ ግን የእኔ እንዲያሸንፍ ተመኘሁ።

በችግኝ ከረጢት አተር ዘራን። የእኔ ፈንገስ ብቻ ያለበት ጠውልጎ ወደቀ። ሁለቱም ያሉበት ባይወፍርም ቆመ። "አልሐምዱሊላህ! አየሽ አይደል?" ብላ አቀፈችኝ። ፊቴን እንዳታየው አጥብቄ ያዝኳት። አማካሪያችን ሌሎች መምህራንን ጠርተው የእሷን ሥራ አሳዩ። የእኔን ስም ያነሳ አልነበረም።

ዛሬ እሷ እዚያው ጂማ ታስተምራለች፤ እኔ አጋሮ ግብርና ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። በቀደም ደወለችልኝ። ጥናቱን አዲስ አበባ እንድታቀርብ ተጠርታለች።

"እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት፣ ድምፄን እንደምንም አቃንቼ።

"አብረን እንሂድ እንጂ! ስለ በሽታው ካንቺ በላይ ማን ያስረዳል?"

"ሥራ አለብኝ" ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ መልሼ ደወልኩ።

"መቼ ነው የምንሄደው?"

ቅናቱ ለቆኝ አይደለም። እኔ በሌለሁበት ሌላ ሰው ስለዚያ በሽታ ሲያስረዳ ማሰብ ስላልቻልኩ ነው።