ከእጄ አልበላም ያለው ሻምበል

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጅማ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳውም፤ ምክንያቱም በአደራ የተሰጠኝን ውሻ በገዛ ደግነቴ ልገድለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈር ቤት ያከራዩኝ አሮጊት እማማ ብርቄ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሰርቦ ከተማ አግብታ ትኖራለች። አብሯቸው የሚኖረው ሻምበል የሚባል ቡናማ ውሻ ነው። በዚያ ዘመን ለውሻ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ድፍረት ነበር። ወታደር በበራችን ሲያልፍ ማዕረጉን ገፈው "ሻሜ" እያሉ ይጠሩታል።

ከሻምበል በፊት የነበራቸውን ውሻ የገደለባቸው መርዝ ነው። ልቅ ውሻ ለማጥፋት በየጊዜው መርዝ የተለወሰ ሥጋ መንገድ ላይ ይጣል ነበርና። ስለዚህ ሻምበልን ከቡችላነቱ ጀምረው መሬት የወደቀ ነገር እንዳይቀምስ አስተማሩት። ምግቡን ሳህን ላይ አድርገው መጀመሪያ እሳቸው ቆርሰው ይጎርሳሉ። ከዚያ በኦሮምኛ "ኛዹ" ይሉታል፤ ብላ ማለት ነው። እሳቸው ያልቀመሱትን አይነካም። ጅማ መርካቶ ገበያ ተከትሏቸው ሲሄድ ሥጋ ሻጮቹ አጥንት ይወረውሩለትና ፊቱን ሲያዞር ይስቁ ነበር። እማማ በዚህ በጣም ይኮራሉ።

አንድ ቀን እግራቸው አብጦ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ እኔ የሞትኩ ዕለት ይሄ ውሻ ጦሙን ውሎ ጦሙን ያድራል። ከመርዝ አዳንኩት ስል ለረሃብ አዘጋጀሁት" አሉኝ። የሰርቦዋን ልጃቸውን ጠይቀዋት ባሏ ግቢዬ ውሻ አይገባም ብሏል። "አንቺን ይልመድሽ። በየቀኑ አብረን እናብላው፤ አንቺ ቅመሺለት።"

እሺ አልኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከውሻ ሳህን መጉረስ ቀፈፈኝ። ፈተና ላርም፣ የውይይት ክበብ አለብኝ እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ። እማማ በድንገት ታመሙና ሆስፒታል ተኙ።

ሻምበል ሦስት ቀን አልበላም። እየቀፈፈኝ ጎረስኩለት፣ "ኛዹ" አልኩት፤ እሱ የሚያየው በሩን ነው። የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። በአራተኛው ቀን መላው ጠፋኝና ጥሬ ሥጋ ገዝቼ ቆራርጬ ግቢው ውስጥ በተንኩለት፤ ዓይኑ ከበሩ ስለማይነቀል ጥቂቱን ከበሩ ውጪም ጣልኩ። ቤት ገብቼ በመስኮት አየሁት። አሸተተ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፤ በመጨረሻ ረሃብ አሸነፈውና ለቀመው። በደስታ አጨበጨብኩ። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናትም እንዲሁ አደረግሁ።

ሆስፒታል ሄጄ "በላ" ስላቸው ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"ከእጅሽ?"

"አዎ፣ ከእጄ።"

ዋሸኋቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ስል የቀበሌ ሰው በድምፅ ማጉያ ይለፍፋል፤ ዛሬ የውሻ መርዝ ስለሚጣል ሁሉም ውሻውን ይሰር ይላል። መጀመሪያ አልደነገጥኩም፤ ሻምበል እኮ መሬት የወደቀ አይበላም። ከዚያ ያደረግሁት ነገር ትዝ አለኝ። የእማማን የስንት ዓመት ልፋት በሦስት ቀን አፍርሼዋለሁ። ሰንሰለት አልነበረንም። በልብስ ማስጫ ገመድ ከምሰሶው ጋር አሰርኩትና ወጣሁ።

በዕረፍት ሰዓት ስመለስ ገመዱ ተበጥሷል፤ ጫፉ በምራቅ ርሷል። በሩ ገርበብ ብሏል።

ሮጥኩ። መንገዱ ዳር ሁለት ውሾች ወድቀዋል፤ የአንዱ እግር ገና ይንቀጠቀጣል። ቡናማ ነገር ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ አጣራለሁ። ለእማማ ምን እላቸዋለሁ? እሳቸውስ ይህን ሰምተው ይተርፋሉ? ቦዩ ጋ ስደርስ አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ቁራጭ ሥጋ ያሸታል። ባልዲ የያዘ ሰው ከወዲያ ማዶ ቆሟል።

"ሻምበል!" ብዬ ጮህኩ። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥጋው ተመለሰ። ብጠጋው ላፍ አድርጎት እንደሚሸሽ ገባኝ።

ሰውዬው፣ "ዺሲ፣ ተይው እህቴ፤ እጅሽን እንዳታስገቢ፣ መርዝ ነው" አለኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ለምሳ የያዝኩት ዳቦ ነበር። ቁጭ ብዬ አወጣሁት። ቆርሼ ጎረስኩ። የቀረውን ዘረጋሁለትና "ኛዹ" አልኩት። ሥጋውን አየ። እኔን አየ። ምላሱ ሥጋውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ ሻምበል ቀስ ብሎ መጣና ዳቦውን ከመዳፌ ወሰደ። አንገቱን ጥርቅም አድርጌ ይዤ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ለእማማ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሸቴንም ጭምር። እሳቸውም፣ "ፈጣሪ ይቅር ይበልሽ። ከዛሬ ጀምሮ ግን እኔ አላበላውም" አሉ።

ተሽሏቸው ቤት ከገቡም በኋላ ቃላቸውን ጠበቁ። ሻምበል ሳህኑን ትቶ እግራቸው ሥር ሄዶ ሲለምናቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እኔ እጎርሳለሁ፣ እሱ እያመነታ ይበላል። አንዳንዴ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

እንዲህ ሆነው አምስት ወር ኖሩ። ያኔ ልጅ ነበርኩና ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የእኔም ዕድሜ ገፍቶ ሳስበው፣ የሚወዱትን በሕይወት እያሉ ለሌላ ሰው ማስለመድ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። እኔ ብሆን የምችለው አይመስለኝም።

የቀብራቸው ዕለት ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ሻምበል ሳህኑ አጠገብ ቆሞ ከሰው መሀል ፈልጎ አየኝ። ተነስቼ ሄድኩና ጎረስኩለት። በላ።