ብርጭቆው ወተት የመሰለ ዕለት

ከወናጎ የወጣሁበት ምሽት ጎረቤት ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ጸለየልኝ። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው ስለ ፍሎሪን ነበር። ቻይና ሄጄ የምማረው ብርጭቆ ሲቀልጥ ይህን መርዛም ጋዝ እንደሚያወጣ አንብቤያለሁ። ለእናቴ «ብርጭቆ ነው የምሠራው» ብቻ አልኳት።

«ዲላ ገበያ ሞልቶ የለ እንዴ?» አለችኝ።

ቻይና ስደርስ የኢሚግሬሽኑ ሹምም ከእሷ አልተሻለም።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ብርጭቆ።»

«ብርጭቆማ እኛ ነን ወደ እናንተ የምንልከው!»

«የእኔው አይጠጣበትም፣ ጌታዬ።»

«የማይጠጣበት ብርጭቆ?» ብሎ ጓደኛውን ጠራና ሁለቱም ፓስፖርቴን አገላብጠው አዩት። በመጨረሻ የሰጡኝ የመቆያ ፈቃድ ለሙከራ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚራዘመው የሚያስተምሩኝ ፕሮፌሰር «ይጠቅመናል» ብለው ከጻፉልኝ ነው።

ለምትመጡ ልንገራችሁ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ማንቶ የሚሉት በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ጨው አያውቅም፤ ቆጮ የለመደ ጥርስ የሚያኝከው ያጣል። ሰው ሲያገኛችሁ «ቤተሰብ ደህና?» የለም፤ «በልተሃል?» ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያ ቀን «አልበላሁም» ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ!

ሥራውን ላስረዳችሁ። ወናጎ ሳስተምር ጠዋት ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ነበር። ክሪስታል ማለት የተሰለፉ ተማሪዎች ናቸው፤ ብርጭቆ ደግሞ በዕረፍት ሰዓት የተበተኑ ተማሪዎች ባሉበት ደርቀው ሲቀሩ ነው። የእኛ ኦክሲፍሎራይድ ብርጭቆ ኦክሳይድ የተባለው የኦክስጅን ውህድና ፍሎራይድ የተባለው የፍሎሪን ውህድ አብረው ቀልጠው በድንገት የቀዘቀዙበት ነው። እንደገና በልኩ ስናሞቀው ፍሎራይዱ በየቦታው ትንንሽ ሰልፍ ይይዛል፤ ኤርቢየም የተባለው ብርቅዬ ንጥረ ነገርም መሃላቸው ይገባል። ያኔ በዓይን የማይታይ ጨረር ሲያርፍበት አረንጓዴ ያበራል። ሰልፎቹ ካደጉ ግን ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ብርጭቆውም ወተት ይመስላል። ስለዚህ ከምድጃው የሚወጣባት ደቂቃ ነፍስ ናት።

አንድ ቀን ያቺ ደቂቃ ልትደርስ ስትል ላኦሺ ገቡ። ላኦሺ መምህር ማለት ነው፤ ፕሮፌሰሬን ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ሽማግሌ ናቸው። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲገባ ተነስተህ ጎንበስ ትላለህ፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ጀርባ አይሰጠውም። ተነሳሁ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩኝ። ምድጃው ከኋላዬ ይጮኻል፤ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ዞር እንዳሉ ከፈትኩት፤ ወተት!

ወስጄ አሳየኋቸው።

«ለምን በሰዓቱ አላወጣህም?»

«እርስዎ እያወሩ ነበር፣ ላኦሺ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እኔን ነው የምትፈራው?»

«አዎ።»

«ከአሁን በኋላ ምድጃውን ፍራ። አንድ ሙከራ ነው የቀረህ።»

ለእናቴ ደውዬ «ሳይመልሱኝ አይቀሩም» አልኳት።

በመጨረሻው ሙከራ ላኦሺ ሆን ብለው የመጡ ይመስለኛል። ልክ በሰዓቱ ገብተው ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቀረሁ። የገዛ አባቴን የሰደብኩ ያህል ተሰማኝ። ብርጭቆውን አወጣሁ። ሲበርድ መጽሐፍ ላይ አስቀመጥነው፤ ፊደሉ አንድ ሳይቀር ተነበበ። ጨረሩን ስንለቅበት አረንጓዴ ፏ አለ። ላኦሺ ተቀምጠው ያንን «ይጠቅመናል» የሚለውን ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ።

ሮጬ ወጥቼ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ተሳካ! ትምህርቴን እስክጨርስ እንድቆይ ሊፈቅዱልኝ ነው!»

እልልታ ነበር የጠበቅኩት።

«ተመስገን ነው» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም፣ «ይመልሱኛል ስላልከኝ እኮ አልጋህን አንጥፌልህ ነበር። እንግዲህ ላንሳው፣ ወይስ ይቆይ?»